ለሐይቁ ጀልባ ዲናሞ አዲስ ማብሪያ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ቅዳሜ ከሰዓት

የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው። ጀልባው ኋላ ላይ የሚታሰር፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ዲናሞ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞተር፣ አለው። ወንድሙ ነው ከውጭ የላከለት። ወደ ፊት አምስት፣ ወደ ኋላ ሦስት ፍጥነት አለው። መረብ ሲጥልና ሲያነሳ መቅዘፊያውን አስቀምጦ በእሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ባትሪው የሚቀመጠው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሟል። ዛሬ ሁሉንም በሚኒባስ ጭኖ ደሴ ድረስ አመጣልኝ። ባትሪው ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ደረጃውን ስንወጣ ሁለታችንም አማረርን።

«ጣቴን ስጭነው ይሠራል፣ ስለቀው ይጠፋል» አለኝ። «ሰሞኑን ደግሞ ጣት ማቃጠል ጀምሯል።» ሁዳዴ ሊገባ ነው። ዓሣ በደንብ የሚሸጥበት ጊዜ ስለሆነ ቸኩሏል። «አብሽር፣ ይደርሳል» ብዬ ሸኘሁት።

ማብሪያውን ፈታሁት። ጥቁር፣ ወዲህና ወዲያ የሚጋደም ዓይነት ነው፤ ስታቢላይዘር ላይ የምናየው። ከኋላው አንደኛው እግር ዙሪያ ፕላስቲኩ ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። እግሩ ራሱ በጣት ሲነኩት ይነቃነቃል። ቴስተሩን ቢፕ ላይ አድርጌ ለካሁት። ቢፕ አለ። በቴስተሩ ከሄድን ማብሪያው ደህና ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴስተር ቢፕ ለማለት የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ ከሚሊ አምፔር አይዘልም። ጫፍ ለጫፍ የተነካካ የተቃጠለ መዳብም ያንን ያሳልፋል። ዲናሞው የሚፈልገው ግን በአሥር የሚቆጠር አምፔር ነው። ስለዚህ ነገ እየሠራ እለካዋለሁ።

ከጀርባው የተጻፈውን ላንብበውማ። 16 አምፔር፣ 250 ቮልት። ከቮልቱ አጠገብ ትንሽ የሞገድ ምልክት አለች። ያቺ ምልክት የምትለው ይህ ቁጥር የቤት መብራት ቁጥር እንደሆነ ነው። የባትሪ ቢሆን ኖሮ ቀጥ ያለ መስመር ነበር የሚኖረው፣ ከሥሩ ነጠብጣብ ያለበት።

እሑድ

ግማሽ በርሜል ውሃ ሞልቼ ዲናሞውን ጠርዙ ላይ አሰርኩት። ይህ ዓይነቱ ዲናሞ በደረቁ ብዙ አይሠራም። የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ነው፤ የዘንጉ ጎሚኒም በደረቁ ሲዞር ይበላል። በርሜሉ ውስጥ ውሃው ስለሚሽከረከር እንደ ሐይቁ አይሆንም፤ ለመለካት ግን ይበቃል።

የሶላር ሥራ ከሚሠራ ጓደኛዬ ክላምፕ ሜትር፣ ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካውን፣ ተዋስኩ። ስትዋሱ የባትሪ ኤሌክትሪክ የሚለካውን ለይታችሁ ጠይቁ። የቤት መብራት ብቻ የሚለካው ዓይነት ባትሪ ገመድ ላይ ዜሮ ነው የሚያሳየው። እሱን አይቶ «ዲናሞው ምንም አይስብም» ያለ ሰው አውቃለሁ።

አምስተኛው ፍጥነት ላይ 26 አምፔር ሳበ። ባትሪው ጫፍ ላይ 12.2 ቮልት አለ። ቴስተሩን ማብሪያው ግራና ቀኝ እግር ላይ አድርጌ፣ እየሠራ እያለ ለካሁ፤ 1.3 ቮልት። ደህና ማብሪያ እዚህ ላይ ዜሮ ምናምን ነው ማሳየት ያለበት። 1.3ን በ26 ስናባዛ 34 ዋት ገደማ ይመጣል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው መበየጃ 40 ዋት ነው። ማለትም ወንድሜ፣ ያው የአክስቴ ልጅ፣ ጀልባው ላይ የበራ መበየጃ በጣቱ እየተጫነ ነበር። ፕላስቲኩ ቢቀልጥ ምን ይገርማል?

ነገሩ ማብሪያው ላይ ብቻ አያበቃም። ሳጥኑን ያዘጋጀው ሰው ከባትሪው እስከ ዲናሞው የዘረጋው 2.5 ካሬ የቤት ገመድ ነው፤ ሶኬት የሚዘረጋበት። ርቀቱ ሁለት ሜትር ነው። ሄዶ ሲመለስ አራት። በዚህ ውፍረት አራት ሜትር መዳብ 0.0275 ኦም ይሆናል። በ26 አምፔር ሲባዛ 0.7 ቮልት እዚያው ገመዱ ላይ ይቀራል። ባትሪው ላይ የሚነክሱት ክሊፖች ደግሞ 0.3 ወሰዱ። ተደማምሮ ዲናሞው ጋ የሚደርሰው 9.9 ቮልት ነው። «አሮጌ ሆነ መሰለኝ፣ ጉልበቱ ቀነሰ» ሲለኝ የነበረው ዲናሞ አንዳች ነገር አልሆነም። የሚበላው ነው ያነሰው።

ፊውዝ የለውም። ምንም። ይህኛው አናደደኝ። 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ እንጨት ጀልባ፣ ከሥር 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሐይቅ፣ ፊውዝ ግን የለም።

እሑድ ማታ

መብራት ጠፍቷል፤ በስልክ መብራት ነው የምጽፈው። መለካቱን ግን በጊዜ ጨርሼ ነበር።

ያንኑ ዓይነት ማብሪያ ገዝቶ መተካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ያው ማብሪያ ያው ይሆናል። ምክንያቱን ልጻፈው።

የቤት መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል ማለት ነው። ማብሪያው ሲከፈት ጥርሶቹ (ውስጡ የሚነካኩት መዳቦች) መካከል የሚፈጠረው ብልጭታ ዜሮዋ ስትመጣ ራሱ ይጠፋል። የባትሪ ኤሌክትሪክ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ብልጭታውን የሚያጠፋው የጥርሶቹ መራራቅ ብቻ ነው። እርግጥ 12 ቮልት ብቻውን ብልጭታ ይዞ ለመቆየት አቅሙ ደካማ ነው። ችግሩ ዲናሞው ነው፤ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ነው። ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቆረጥበት ቮልቱን ከፍ አድርጎ ለመቀጠል ይታገላል። ባጠፋው ቁጥር ጥርሱ ትንሽ ይቃጠላል። የተቃጠለ ጥርስ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ይሞቃል። ሲሞቅ ውስጡ ያለችው ስፕሪንግ ትላላለች። ስትላላ ጥርሶቹ መጣበቃቸው ይቀንሳል፣ የባሰ ይሞቃል። በጣት ካልተጫኑት የማይሠራው ለዚህ ነው። ወንድሜ «ውሃ ገብቶበት ነው» ይላል። ውስጡን ከፍቼ አየሁት፤ የውሃ ምልክት የለም፣ ጥላሸት ብቻ።

ስለዚህ ያ ሁሉ አምፔር ጣት በሚነካው ማብሪያ በኩል አያልፍም። ትልቁን ኤሌክትሪክ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ፣ ይክፈተው ይዝጋው፤ ጣት ሪሌውን ብቻ ይዘዝ።

ሰኞ፣ ኮምቦልቻ

ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስለምወርድ መለዋወጫውን እዚያው ፈለግሁ። ሀረጎን ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ አየሩ ሌላ አገር ይሆናል። የከባድ መኪና ማለፊያ ስለሆነች የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ኮምቦልቻ ላይ አይጠፋም።

አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ የሞተር ማስነሻ ሶሌኖይድ ሊሸጥልኝ ነበር። «200 አምፔር ይችላል፣ ከሪሌ ይበልጣል» አለኝ። መቻሉንስ ይችላል። ግን እሱ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ መኪናው እስኪነሳ ድረስ። ጥቅሉ ራሱ ብዙ አምፔር ይስባል። ግማሽ ሰዓት በርቶ ቢቆይ ጥቅሉ ይቃጠላል። ተውኩት።

ከዚያ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ሃጂ እላቸዋለሁ፤ አገር የሚያውቃቸው ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ከጀርባቸው ካለው መደርደሪያ የከባድ መኪና ባትሪ መቁረጫ አወጡ፤ ያን ቀይ እጀታ ያለውን፣ እየዞረ የሚዘጋውን።

«ልጄ፣ ይኼ ነው ያንተ መድኃኒት። መዳብ ከመዳብ ነው። ምኑ ይበላሻል?»

«ልክ ነዎት ሃጂ። ግን ሰውየው ብቻውን ነው ሌሊት የሚወጣው። ከጀልባው ቢወድቅስ?»

«ቢወድቅ ይዋኛላ።»

«ዲናሞው ግን አይጠብቀውም።»

ዝም ብለው አሰቡ። ዲናሞው ፈጣን አይደለም፤ ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙ አይበልጥም። ልብስ ለብሶ የሚዋኝ ሰው ግን አይደርስበትም። መቁረጫው እጀታ ደግሞ በገመድ ተስቦ አይዘጋም፤ መዞር አለበት። ሪሌን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይኼ ነው። ሪሌውን የሚይዘው ኤሌክትሪክ ከ0.2 አምፔር ያነሰ ነው። ያንን ለማቋረጥ ከሬዲዮ የወጣች የጆሮ ማዳመጫ ሶኬት ትበቃለች። ሶኬቷ ላይ የሚሰካውን ፒን ውስጡን አገናኝቼ፣ ጭራው ላይ ሲባጎ አስሬ፣ ሲባጎውን አስጋሪው አንጓው ላይ ያስረዋል። ሰውየው ከወደቀ ፒኗ ትነቀላለች፣ ሪሌው ይለቃል፣ ዲናሞው ይቆማል።

ሃጂ ሳቁና 80 አምፔር የተጻፈበት ባለ ሰፊ እግር ሪሌ ሰጡኝ። 80 ይበል እንጂ ግማሹን ነው የማምነው፤ ግማሹም ይበቃኛል። የባትሪ መቁረጫውንም አልተውኩም። ጀልባው ሲያድር ሁሉንም ነገር ለመዝጋት ይሆናል። ከድሮ የመኪና ዲናሞ (ባትሪ ከሚሞላው) የወጣች ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ፣ ጨመሩልኝ። ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ፤ «ዓሣ ታመጣልኛለህ» ብለው።

ከዚያው 10 ካሬ ለስላሳ ገመድ፣ የ40 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ የ2 አምፔር ፊውዝ፣ ባለ ቀለበት የመዳብ ጫፎችና ሁለት የባትሪ ሞርሴቶ (የባትሪውን ጫፍ አቅፎ የሚታሰር) ገዛሁ።

ረቡዕ ማታ

ሪሌው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ለማያውቅ ሰው፦ 30 ከባትሪ የሚመጣው ነው። 87 ወደ ዲናሞው የሚሄደው። 85 እና 86 የጥቅሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። 87a የሚል ካለ እሱን ተዉት፣ እዚህ ሥራ የለውም። ቁጥሮቹ በብዙ የመኪና ሪሌዎች ላይ ተመሳሳይ ስለሆኑ ማንም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ይህ ደግሞ ጥቅም አለው። ነገ እኔ ባልኖር ሐይቅ ከተማ ላይ ባጃጅ የሚሠራ ልጅ ይጠግነዋል።

መስመሩ እንዲህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ ገና አንድ ጋት ሳይሄድ 40 አምፔር ፊውዝ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ስለዚህ ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት። ከዚያ መቁረጫው። ከዚያ ሪሌው 30 ላይ። ከ87 ወደ ዲናሞው። የትዕዛዙ መስመር ከመቁረጫው በኋላ ይነሳና በ2 አምፔር ፊውዝ፣ በትንሿ ማብሪያ፣ በሲባጎዋ ሶኬት አልፎ 86 ይገባል። 85 ወደ ኔጌቲቭ።

ጥቅሉ ላይ፣ 85 እና 86 መካከል፣ ከአሮጌ ቻርጀር የነቀልኳትን ትንሽ ዳዮድ በየድኩ። መስመር ያለባት ጎን ወደ 86 ዞሮ። ሪሌው ሲለቅ ጥቅሉ የሚያስፈነጥረውን ቮልት እሷ ትውጠዋለች፤ ትንሿ ማብሪያም ሶኬቷም አይቃጠሉም። ሌላም ሥራ አላት። ሌሊት በጨለማ አንድ ሰው ባትሪውን ገልብጦ ቢያስር በዳዮዷ በኩል ያልፍና 2 አምፔሩ ፊውዝ ይቆረጣል። ሪሌው አይዘጋም። ዲናሞው ምንም አይነካውም።

ዲናሞው ሲጠፋ የሚያስፈነጥረውን ቮልት የምትውጠው የሃጂ ትልቋ ዳዮድ የምትገባው ከሪሌው በኋላ፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል ነው። ቦታዋ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ዲናሞው እግር ላይ በቀጥታ ማሰር ያምራል፤ ግን ይሄ ዲናሞ ወደ ኋላም ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲሄድ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገለበጣሉ፤ ያን ጊዜ ዳዮዷ ቀጥታ ሾርት ናት። ስለዚህ ከፍጥነት መምረጫው በፊት ነው የምትቀመጠው። እዚያ ላይ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ዋልታው አይቀየርም።

የገመዱን ጫፎች በመጭመቂያ ከተጨመቁ በኋላ በየድኳቸው እንዳትሉ። ጨምቄ ተውኳቸው። ጀልባ ይንቀጠቀጣል፤ የተበየደ ለስላሳ ገመድ ብየዳው ካለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራል። በላዩ ሙቀት የሚያጣብቀው ላስቲክ፣ በላዩ ናስትሮ።

ዓርብ

ሳጥኑ። ብዙ የሚባል የለውም። ሪሌው የሚገባበት፣ ክዳኑ ላይ ጎሚኒ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው፤ ገመዶቹ ሁሉ ከታች ነው የሚገቡት። ከላይ ቀዳዳ የለም። ሪሌውን እግሮቹ ወደ ታች ሆነው አሰርኩት፣ ጠብታ ቢኖር ወደ ውስጥ እንዳይገባ።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር። ርካሹ ሲሊኮን ሲከፈት ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። ሽታው እውነተኛ አሲድ ነው፤ እስኪደርቅ ድረስ መዳብ ይበላል። የታሸገ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ደግሞ መውጫ የለውም፣ ከጊዜ በኋላ ከፍታችሁ ስታዩ ገመዱ አረንጓዴ ሆኗል። የማይሸተውን ዓይነት ፈልጌ አገኘሁ፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ጫፎቹን በሙሉ ቫዝሊን ቀባሁ። ሶኬቷ ውስጥም ጨምሬ።

ከሥር ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያይ «ውሃ እንዳይገባ ብለህ አሽገህ ትበሳዋለህ?» አለኝ። ሳጥኑ ቀን በፀሐይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር እርጥበት። ውስጡ ጤዛ ይሠራል። የሚወጣበት ካላገኘ እዚያው ይቀራል። አላመነኝም፣ ግን ዝም አለ።

የመጨረሻውን ሞርሴቶ ከማሰሬ በፊት ቀለበቴን አወለቅሁ። ቁልፍና ቀለበት በባትሪ ሁለት ጫፍ መካከል ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ምክር አያስፈልገውም። መጀመሪያ ፖዘቲቩን፣ ቀጥሎ ኔጌቲቩን። ሲፈታ ተቃራኒው።

በርሜሉ ላይ ሞከርነው። ትንሿን ማብሪያ ስነካት ሪሌው ቀጭ አለ፣ ውሃው ተናወጠ። ልኬቱ ይኸው፦ 29 አምፔር፣ ባትሪው ጫፍ 12.1፣ ሪሌው ላይ የቀረው 0.08 ቮልት፣ ገመዱ ላይ 0.2፣ ፊውዙ፣ መቁረጫውና ሞርሴቶዎቹ ተደምረው 0.15 ገደማ። ዲናሞው ጋ 11.7 ደረሰ። ከ9.9 ወደ 11.7። አምፔሩ የጨመረው ቮልቱ ስለጨመረ ነው። ያ ማለት ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ይህን ለወንድሜ በደንብ ነገርኩት። አምስተኛውን ለነፋስና ለመመለሻ ብቻ ተጠቀም፣ ለመረብ ሁለተኛው ይበቃል አልኩት።

እንዲሠራ ትተነው በርሜሉ አጠገብ ሻይ ጠጣን። ሪሌውን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ብሏል፣ ከዚያ አላለፈም። ግማሹ ከጥርሱ ሳይሆን ከራሱ ጥቅል የሚመጣ ሙቀት ነው።

እሑድ፣ ሐይቅ

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ደረስን። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ይሰማል፣ ውሃው ፀጥ ያለ ነው። ወንድሜ ይህን ዲናሞ የሚወደው በዝምታው ነው፤ በገዳሙ በኩል ሲያልፍ መነኮሳቱን አይረብሽም፣ ዓሣውንም ቢሆን።

መጀመሪያ ከዳር ሳንርቅ ሞከርን። ሲባጎውን አንጓው ላይ አሰረ። አምስተኛ ፍጥነት ላይ እያለን «አሁን ዝለል» አልኩት። «አንተ ዝለል» አለኝ። ብርድ ነበር፣ አልፈረድኩበትም። በመጨረሻ ክንዱን ወደ ኋላ ወረወረው፤ ፒኗ ተነቀለች፣ ዲናሞው ወዲያው ቆመ። ጀልባው በራሱ ግፊት ትንሽ ሄዶ ቆመ። ሲባጎው ግን ረዝሟል፤ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ገና ትርፍ አለው። አሳጠርነው፣ ግን መቅዘፊያ ሲያነሳ እንዳይነቅላት አንድ ክንድ ያህል ተውንለት።

ከዚያ መረቡ ወዳለበት ሄድን። ሳጥኑ ምንም አላሰማም። መረቡ ላይ ቆሮሶ ነበር፣ አንድ ሁለት አምባዛም። እሱ ሲያወጣ እኔ ቴስተሬን ይዤ ሪሌው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሳቀብኝ። በሁለተኛ ፍጥነት የሚጠፋው ቮልት ለቴስተሬ እንኳ የማይነበብ ሆነ።

አንድ ያላማረኝ ነገር አለ። ትንሿ ማብሪያ ሳጥኑ ጎን ላይ ናት፤ መረብ ሲጎተት ያዘው። ሁለት ጊዜ አጠፋብን። ማብሪያዋን ወደ ሳጥኑ ክዳን አዛውራታለሁ ወይም ዙሪያዋን ከፕላስቲክ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት አለብሳታለሁ። ሁለተኛው ይቀላል፤ አዲስ ቀዳዳ አያስፈልገውም።

መለዋወጫ ብዬ አንድ ሪሌ፣ ሁለት ትልቅ ፊውዝና ጥቂት ትንንሽ ፊውዞች በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፌለታለሁ። መስመሩንም በእስክሪብቶ ስዬ ከአጠገቡ። ክረምት ሲገባ ሳጥኑን ከፍቼ ሞርሴቶዎቹን አጠብቃለሁ፣ ቫዝሊኑን አድሳለሁ፣ የሥሯ ቀዳዳ በጭቃ እንዳልተደፈነች አያለሁ። ለሃጂ የሚሆን ቆሮሶ በበረዶ አድርገን ይዘን ወጣን፤ ነገ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።